በ33 ዓመቴ ፕሌይስቴሽን ብገዛ ነውር ነው?

የአንባቢ ደብዳቤ (አጠር ተደርጎ የቀረበ)

"ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይገባል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ በመጋረጃው በኩል አያለሁ። ሴት አይገባም ነበር። እስከ ዛሬ ጆይስቲክ ይዤ አላውቅም። ባለፈው ወር እቁብ ወጣልኝ። 24 ሰው ነን፣ በወር 5,000 ብር እንጥላለን፣ እኔ 10ኛዋ ነኝ። 120,000 ብር እጄ ገባ። ፕሌይስቴሽን 5 መግዛት እፈልጋለሁ፣ የኳስ ጌም ነው የምወደው። ለእናቴ ሳነሳባት 'እኔ ወግ ማዕረግሽን ላይ ስል አንቺ መጫወቻ ትገዣለሽ?' ብላ አኮረፈች። የመብራቱን ሒሳብም አነሳች። ሱስ ይሆንብሻል አለች። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ሱቅ ስጠይቅ ደግሞ ሻጩ 'ዛሬ ካልገዛሽው በሚቀጥለው ወር በዚህ ዋጋ አታገኚውም' አለኝ። ወንድሜ አሁን ሜሪላንድ ነው፣ ለፋሲካ ይመጣል። ልግዛ? ወይስ እናቴ እንዳለችው ልጅነት ነው?"

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ስለ ገንዘቡ ብዬ አይደለም። ስለ መጋረጃው ነው።

እኔ ከውስጥ ከነበሩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። የእናንተ ሰፈር አይደለም፣ ግን ቤቱ ያው ነው። የቆርቆሮ ክፍል፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ አንሶላ፣ ውስጥ ሦስት ወይ አራት ቴሌቪዥን፣ ከፊታቸው አግዳሚ። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ አሥር ሰው ይጮኻል። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ አይነሳም። የጆይስቲኩ ላስቲክ በላብና በጣት ብዛት ተልጦ ፕላስቲኩ ይታይ ነበር። ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የኳስ ጌም የምንጫወተው በጃፓንኛ ነበር፣ አንድ ፊደል ሳናውቅ፣ የቱን ስንጫን ምን እንደሚመጣ በቃላችን ይዘነው።

አንዳንዴ መጋረጃው ከውጭ ገለጥ ይላል። ብርሃን ይገባና ስክሪኑ አይታይም። ያኔ ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ዝጊው!" እንላለን። "ዝጋው" አልነበረም የምንለው። "ዝጊው" ነበር። ማን እንደቆመ እናውቅ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀንም ማናችንም "ነይ ግቢ" አላልንም። ደብዳቤሽን ሳነብ ይሄ ትዝ አለኝና እውነቱን ልንገርሽ፣ አፈርኩ። ስለዚህ "ልጅነት ነው ወይ" ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ አይደለም። አንቺ ያላገኘሽውን ነገር በራስሽ ደሞዝ ልትገዢ ነው የተነሳሽው።

ስለ ዕድሜ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ የወጣው ዲሴምበር 1994 ነው። ያኔ 10 ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ 40 አልፎታል። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ እስከ ዛሬ በብዛት የተሸጠው ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ) እሱ ነው። እነዚያ ሁሉ ልጆች አድገዋል፣ ወልደዋል፣ ሥራ ይዘዋል፣ ብዙዎቹም መጫወቱን አልተዉም። ኮንሶል የሚሠሩት ኩባንያዎች 500 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሲያወጡ ገዢው ደሞዝ የሚበላ ሰው እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ።

ባልደረቦችሽ ሳቁ አልሽኝ። እስቲ ከሳቁት ውስጥ ስንቱ ወንድ ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተቀምጦ እንደሚያይ ቁጠሪ። 35 ዓመቱ ነው፣ ሚስት አለው፣ የአርሰናል ማሊያ ለብሶ ይጮኻል። ልጅ ነህ የሚለው የለም። ኳስ ማየት የአዋቂ ነገር ሆኖ ኳስ በጆይስቲክ መጫወት የልጅ ነገር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሴት መሆንሽ ነው ያሳቃቸው። እሱን ለነሱ ተዪላቸው።

እሺ፣ አሁን ወደ ብሩ። እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር አልስማማም፣ ስለዚህ ቀስ ብለሽ አንብቢኝ።

"120,000 ብር እጄ ገባ" ብለሻል። እጅሽ ገባ እንጂ ያንቺ ገና አልሆነም። አንቺ ባንክ ነው የምትሠሪው፣ ሒሳቡን ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ፣ ግን እቁብ ሲወጣ ሰው ሁሉ ይሄን ይረሳዋል። 10 ዙር ጥለሻል፤ 50,000 ብር። እሱ ያንቺ ቁጠባ ነው። የቀረው 70,000 ብር ገና 14 ወር የምትከፍዪው ብድር ነው። ወለድ የለውም፣ ደግ ሰዎች ናቸው ያበደሩሽ፣ ግን ብድር ነው። ዕጣው ሲወጣልሽ ዋስ አምጪ ተብለሽ የለ? የፈረመልሽን ሰው ፊት አስቢው። ከሥራ ብትወጪ፣ ብትታመሚ፣ እናትሽ ብትታመም፣ ያ ሰው ነው በየወሩ 5,000 ብር ከኪሱ የሚያወጣው።

አሁን ዋጋውን እንይ። ፕሌይስቴሽን 5 ኖቬምበር 2020 ሲወጣ ዲስክ የሚቀበለው 499 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲቆይ ይረክሳል ብለን ነው የለመድነው፣ ይሄ ግን ተወደደ፤ ኦገስት 2025 አሜሪካ ውስጥ 549.99 ዶላር ሆነ። አንድ ዶላር 150 ብር ብለን ብናሰላው 82,500 ብር ገደማ ይመጣል። ይሄ እንግዲህ ያኔ እዚያ መደርደሪያ ላይ የነበረው ዋጋ ነው። እዚህ ደግሞ ያመጣው ሰው ትርፍ አለ፣ የሱቁ ትርፍ አለ። ከዚያ ላይ ሁለተኛ ጆይስቲክ፣ ዲስክ፣ ስታቢላይዘር። 100,000ን ነክቶ ቢያልፍ አይግረምሽ። ማለትም የቆጠብሽው ሁሉ ይሄዳል፣ ከሰው ብር ላይም ሌላ 50,000 ይበላል።

ሻጩ "ይወደዳል" ያለሽ ውሸት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ አይተናል። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ከዚያ በኋላም አልቆመም። ዕቃ ልገዛ ያሰብኩ ሰው ሆኜ ያን ሰሞን ያደረብኝን ንዴት አስታውሳለሁ። ግን ነገ ይወደዳል ማለት ዛሬ በሰው ብር ግዢ ማለት አይደለም። ሻጭ የሚያየው የሱን ቀን ነው። ከፊትሽ ያለውን 14 ወር የምታዪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ የኔ ምክር ይሄ ነው፤ ግዢ፣ ግን ከ50,000ው ውስጥ ግዢ። ጣሪያሽ እሱ ነው፤ ጆይስቲኩም፣ ዲስኩም፣ ስታቢላይዘሩም እዚያው ውስጥ ይግባ። ሙሉውን 50,000 ጨርሺ አላልኩም። 70,000ውን የእቁቡን ግዴታ እስክትጨርሺ የማትነኪው ሒሳብ ውስጥ አስገቢው።

በዚህ ብር ፕሌይስቴሽን 5 አይመጣም፣ አውቃለሁ። ፕሌይስቴሽን 4 ይመጣል፣ ያገለገለ። ፊትሽ ሲከፋ ይታየኛል። ግን አንቺ የምትፈልጊው ኳስ ነው ብለሻል። ፊፋ ስንለው የኖርነው ጌም ከፊፋ 23 በኋላ ስሙ ተቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል፣ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ራሱ ለፕሌይስቴሽን 4 ተሠርቷል። የኛው ዊኒንግ ኢለቨን ደግሞ ስሙን እየቀያየረ መጥቶ ከ2021 ጀምሮ ኢፉትቦል ሆኗል፤ ነፃ ነው፣ እሱም 4 ላይ ይሠራል። ከዚህ በፊት ጆይስቲክ ያልያዘ ሰው 4 ላይም ሆነ 5 ላይ መጀመሪያ የሚቸገረው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የግራ አውራ ጣትሽ ተጫዋቹን እያስሮጠ የቀኝ አውራ ጣትሽ እንዲያቀብል ማስለመድ። አንድ ሳምንት ጣትሽ የራስሽ ያልሆነ ያህል ይሰማሻል። የምስሉ ጥራት ልዩነት ያኔ ትዝም አይልሽ።

ሌላም አለ። በዲስክ የገዛሻቸው የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ዲስክ የሚቀበል ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ከጥቂቶች በቀር ይሠራሉ። እቁቡን ስትጨርሺ 5ን ብትገዢ ዲስኮችሽ አብረውሽ ይሄዳሉ። የወጣው ብር አይባክንም።

የለም፣ እኔ እስከዚያ እታገሣለሁ፣ 5ን ነው የምፈልገው ካልሽም ጥሩ ነው፣ አልቃወምሽም። ሌላ አሥር ዙር ስትጥዪ ያንቺ የሆነው 100,000 ይደርሳል። ያኔ ምን መግዛት እንዳለብሽ ልንገርሽ፤ ዲስክ የሚቀበለውን። ዲጂታል የሚባለው (ጌም ከኢንተርኔት ብቻ የሚያወርደው) ረከስ ስለሚል ያጓጓል፣ ግን አዲስ አበባ ላለ ሰው አይሆንም። የፕሌይስቴሽን አምራቹ የሶኒ የኦንላይን መደብር ኢትዮጵያን በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ሰው በሌላ አገር ስም አካውንት ከፍቶ፣ የዚያን አገር ካርድ በዶላር እያስገዛ ነው የሚጠቀመው፣ ካርዱ ደግሞ ከአካውንቱ አገር ጋር ካልተስማማ አይሠራም። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ጌም 50 ጊጋባይት፣ አንዳንዱም ከ100 በላይ ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅልሽን አስቢው። ዲስክ ከሆነ ግን ትገዢዋለሽ፣ ተጫውተሽ ስትሰለቺው ትሸጪዋለሽ ወይ ከጓደኛ ጋር ትለዋወጪያለሽ። አሮጌ የኳስ ዲስክ አዲሱ ሲወጣ በጣም ይረክሳል፣ ላንቺ ለጀማሪዋ ደግሞ ያለፈው ዓመት ቡድን ምንም አያጎድልብሽም። ፕሮ የሚባለውን እርሺው። 2024 ላይ በ699 ዶላር ነው የወጣው፣ ዲስክ ማስገቢያውም ለብቻው የሚገዛ ነው፣ ተራ የሳሎን ቴሌቪዥን ላላት ሰው ልዩነቱ ይሄን ያህል አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ኮንሶል ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም ዲስክ አይቀበልም፤ ርካሽ ነው ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለው ኮንሶል ግን ደስ ይላል፣ የራሱ ስክሪንና ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም አልጋሽ ላይ ትጫወቻለሽ፤ ችግሩ ጌሙ እዚህ ገበያ ላይ እንደ ፕሌይስቴሽን እንደልብ አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው።

ያገለገለ ስትገዢ ግን ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ቸኩለሽም እንዳትገዢ። እኔ አንድ ጊዜ በስልክ ማስታወቂያ አይቼ ገዛሁ። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ ሻይ ሁሉ ጋበዘኝ፣ ዕቃውን አብርቶ ሜኑውን አሳየኝ፣ አምስት ደቂቃ አየሁና ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ጌም ስከፍትበት ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ከዚያ ጥፍት አለ። በማግስቱ ስደውል ስልኩ አይነሳም። የሁለት ወር ደሞዜ ነበር። ስለዚህ ይሄን እንድታደርጊ እለምንሻለሁ።

ሜኑ ብቻ አይተሽ አትመኚ። ከባድ ጌም አስከፍተሽ ቢያንስ 40 ደቂቃ ተጫወቺበት፤ የሚጠፋ ከሆነ እዚያው ይጥፋ። ዲስኩን አስገቢ፣ አውጪ፣ ደግመሽ አስገቢ። የኤችዲኤምአይ ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ በስልክሽ መብራት እዪው፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ከታጠፉ ወይ ገመዱ ሲነካ ምስሉ ከተቆራረጠ ተዪው። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና እጅሽን አንሺ። ማንም ሳይነካው ምርጫው በራሱ ወደ ጎን ከሄደ ወይ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ በራሱ ከተራመደ በግራ አውራ ጣት የሚገፋው ዱላ ተበላሽቷል፣ ዋጋ አስቀንሺ ወይ ሌላ አስቀይሪ። በራስሽ አካውንት ገብተሽ ኢንተርኔት ላይ እንደሚሠራ አረጋግጪ፣ ሶኒ ያገደው ዕቃ ሊሆን ይችላልና። የድሮው ባለቤት አካውንትም ከውስጡ ይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ይጠየቃል፤ "ጄልብሬክ የተደረገ ነው?" ብለሽ። የፋብሪካው ቁልፍ ተሰብሮ ያልተገዛ ጌም እንዲቀበል የተደረገ ማለት ነው። ብዙ ሱቅ እንዲህ ዓይነቱን ነው የሚሸጠው፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ 20 እና 30 ጌም ጭነው። ያማልላል። ግን እንዲህ ያለው ዕቃ አሮጌ ሲስተም ላይ የቆመ ነው፣ አዳዲስ ጌም ላይቀበል ይችላል፣ ኦንላይን ከገባሽበት ሊታገድ ይችላል፣ የተጫነውም ጌም የተሰረቀ ነው። ከወንድምሽ ጋር በኢንተርኔት የመጫወት ሐሳብ ካለሽ ይሄን አትግዢ።

መብራትን በተመለከተ እናትሽን በቁጥር አሳምኛት። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፣ 4 ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ሁለት ሰዓት ብትጫወቺ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው የሚስበው። አንድ ቀን የእንጀራ ጋገራ ያንቺን የሳምንት ጨዋታ ይበልጣል። የሚያስፈራው ሒሳቡ ሳይሆን የመብራቱ መሄድና መምጣት ነው። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዢ፣ ዲቫይደሩ ርካሽ አይሁን። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀይው፣ ሲመጣም ወዲያው አትሰኪው፣ ትንሽ ጠብቂ። ተጫውተሽ ስትጨርሺም "ሬስት ሞድ" የሚለው ላይ አትተዪው፣ ሙሉ በሙሉ አጥፊው። እሱ ላይ እያለ መብራት ከሄደ የተቀመጠ ጌምሽ ሊበላሽ ይችላል።

ወደ እናትሽ እንመለስ፣ ምክንያቱም የደብዳቤሽ ከባዱ ክፍል እሱ ይመስለኛል።

"ወግ ማዕረግ" ስትል ጌም ስለጠላች አይደለም። እናትሽ እየሸመገለች ነው፣ ልጇ 33 ዓመቷ ነው፣ አንዱ ልጇ ባሕር ማዶ ነው። ቤት ውስጥ አዲስ ዕቃ ሲገባ እሷ የምታየው ፕላስቲክ ሳጥን አይደለም፣ "ልጄ እዚሁ ልትቀመጥ ነው" የሚል ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ጌም አትከራከሪያት። ስለሱ ብትከራከሪ ዓመቱን ሙሉ ትከራከራላችሁ። ቁጭ ብለሽ "እማዬ፣ ትዳር አልፈልግም አላልኩም፣ ይሄ ከዚያ ጋር አይገናኝም" በያት። ደግሞ ዋጋውን እውነቱን ንገሪያት። ግማሹን ብቻ ተናግረሽ ቀሪውን እንዳትደብቂ። እናቶች ዋጋ ያጣራሉ፣ ከጎረቤት ልጅ ሰምታ የደረሰችበት ቀን ኩርፊያው እጥፍ ይሆናል። እቁቡንም አስረጂያት፤ ይሄ የቆጠብኩት ነው፣ ይሄ የሰው ነው፣ የሰውን አልነካም በያት። ይሄን ስትሰማ ግማሽ ጭንቀቷ የሚቀል ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የፈራችው ልጄ ገንዘብ አያያዝ አታውቅም የሚለውን ነው።

ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን አንድ ከሆነ ደግሞ (አልነገርሽኝም፣ ግን አንድ ነው ብዬ ልገምት) ጠቡ የሚነሳው እዚያ ነው። ከሥራ ወጥተሽ፣ ታክሲ ተሰልፈሽ፣ ቤት የምትደርሺው ከምሽቱ 1:30 አካባቢ ይሆናል። ያ የእናትሽ የድራማ ሰዓት ነው። አትንኪባት። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ውላ የምትጠብቀው እሱን ነው። ድራማዋ ሲያልቅ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግማሽ ቀን ሠርተሽ ስትመጪ ሁለት ሦስት ሰዓት። በሳምንት ስምንት ሰዓት ብታገኚ ብዙ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ይሄን ሰዓት በእውነት እንዳለሽ እዪ። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ ምን እንደምትሠሪ ልብ በዪ። ስልክ ላይ ቲክቶክ ስታዪ የምታጠፊው ሰዓት ከሆነ እሱን ቀይሪው፣ ከእንቅልፍሽ አትውሰጂ። ጠዋት ብር የምትቆጥሪ ሰው ነሽ።

"ሱስ ይሆንብሻል" ላለችው፣ ፍርሃቷ ባዶ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ግን ምን እንደሚል ልብ በዪ፤ ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሥራም ከቤተሰብም ከሌላው ኑሮ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ኳስ መጫወት እዚህ ውስጥ አይገባም። ሥራ ቀርተሽ፣ ወይ ሰው ሊጠይቅሽ ሲመጣ "አሞኛል" አስብለሽ መጫወት ከጀመርሽ ግን እናትሽ እስክትነግርሽ አትጠብቂ።

የቀረው ወንድምሽ ነው። ለፋሲካ ይመጣል ካልሽ ከመግዛትሽ በፊት ደውዪለት። አሜሪካ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 የትም ነው፣ ከዚህ ሊረክስ ይችላል፤ 4ም 5ም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከዚያ የመጣው እዚህ ይሠራል፣ የገመዱን ሶኬት ብቻ መቀየር ነው። ዲስኮቹም አገር አይመርጡም። ግን የሚያመጣውን ዕቃ ሙሉ ብር በእጁ ስጪው ወይ በግልጽ "ስጦታዬ ነው" ይበልሽ፣ በመካከል የተንጠለጠለ ነገር አይኑር፣ ወንድምና እህት የሚቀያየሙት እንዲህ ባለው ነው። ጉምሩክ ላይ ምን እንደሚጠየቅም ሻንጣውን ሳይዘጋ ያጣራ።

ስትደውዪለት ስለ ዋጋ ከማውራትሽ በፊት ግን ስለዚያ ቤት ጠይቂው። አንቺ በር ላይ እንደቆምሽ ያስታውስ እንደሆነ ጠይቂው። ምናልባት አያስታውስም። እኔም የኛን ሰፈር ልጅ መልክ አላስታውስም፣ "ዝጊው" ያልኩትን ብቻ ነው የማስታውሰው። ከዚያ ለፋሲካ ቤት ሲመጣ ሶፋው ላይ ከጎንሽ አስቀምጪው። ለሱ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ስጪው፣ የመጀመሪያው ያንቺ ነው። መጀመሪያ ላይ አምስት ለባዶ ሊያሸንፍሽ ይችላል፣ የዓመታት ልምድ አለው። በናንተ ቤት ግን የተሸነፈ አይነሳም በዪው።